ሊትልተን፦ ካሜራውን ማን ይያዘው?

ከዴንቨር መሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የዲ መስመር ባቡር፣ ሳንታ ፌ የሚባለውን አውራ ጎዳና ታክኮ ተጉዞ ሊትልተን ላይ ተሳፋሪውን ያራግፋል። ከባቡሩ የወረደ እንግዳ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢያዞር የሮኪ ተራሮችን ያያል፤ ወደ ከተማይቱ ቢያዞር ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያሉ የጡብ ቤቶች የተሰለፉባትን ሜይን ስትሪትን ያገኛል። ሊትልተን ስሟን ያገኘችው የመስኖ ቦይ ሊቀይስ ከመጣው መሐንዲስ ከሪቻርድ ሊትል ሲሆን፣ በሕግ የታወቀች ከተማ ከሆነች ከ1890 ጀምሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።)

የእኛ ሰው ወደዚህ እምብዛም አይመጣም። ወገናችን የሚበዛው በአውሮራ ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ ለቅሶውም ሠርጉም ያለው በሃቫና ጎዳናና በኮልፋክስ ዙሪያ ነው። ሊትልተን ለሥራ ወይም ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ የሚያደርሰን ጉዳይ የለም። እኔም ወደዚያ የሄድኩት በአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምክንያት ነው። የወዳጄ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍቱ ፊልም መሥራት ያስተምራል፤ ካሜራውም ነጻ ነው» አለችኝ። ነጻ የሚባል ነገር በአሜሪካ ስሰማ መጠርጠር ልማዴ ስለሆነ፣ ሄጄ በዓይኔ ልየው አልኩ።

ስለ ካሜራው ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ሊትልተን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ዓለም ይህን ስም የሰማው በተራሮቹም በሜይን ስትሪትም አይደለም። ኤፕሪል 20 ቀን 1999 ሁለት ተማሪዎች ኮለምባይን ወደሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው መሣሪያ ይዘው ገብተው 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ያን ቀን ቆስላ ሽባ ሆና የኖረች አንዲት ሴት በፌብሩዋሪ 2025 ስታርፍ፣ ለሞት ያበቃት ያው የድሮው ጥይት ነው ስለ ተባለ የሟቾቹ ቁጥር 14 ደርሷል። ከሟቾቹ 10ሩ የወደቁት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ በእውነቱ ከከተማይቱ ወሰን ውጭ፣ በጄፈርሰን ካውንቲ ግዛት ነው ያለው። ነገር ግን የፖስታ አድራሻው ሊትልተን በመሆኑ ስሙ ለከተማይቱ ተሰጥቶ ቀረ።

በዚያ ቀን የቴሌቪዥን ሔሊኮፕተሮች ከትምህርት ቤቱ በላይ ሲያንዣብቡ ዋሉ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው የሚሮጡ ልጆች ሥዕል በዓለም ዙሪያ ታየ። ያመለጡት ልጆች ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ በአካባቢው የሚገኘው ኮለምባይን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ወላጆችም «ልጄን አይታችኋል?» እያሉ ወደዚያ ይመጡ ነበር። በ2002 ማይክል ሙር በዚሁ ነገር ላይ ፊልም ሠርቶ ኦስካር ተሸለመበት። የሊትልተን ሰው ዛሬም ባዕድ አገር ሄዶ ከየት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ያንኑ ከሔሊኮፕተር የተነሣውን ሥዕል ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? እኛም እኮ ሌላ ሰው በቀረጸው ሥዕል የምንታወቅ ሕዝብ ነን። በኦክቶበር 1973 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳየ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በጊዜው የነበረ ሰው ያችን ማታ አይረሳም። ቀረጻው እውነት ነበር፤ ረሃቡም እውነት ነበር። ቆርጦ የቀጠለው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ከዚያ በኦክቶበር 1984 መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ፣ ማይክል በርክ እየተናገረ ከኮረም የተላለፈው ሥዕል መጣ። ያ ሥዕል ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን እዚህ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከየት ናችሁ ሲባሉ፣ ዛሬም ድረስ መልሱን ቀድሞ የሚሰጥላቸው ያው ሥዕል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ካሜራውን ማን ይያዘው የሚለው ነው። ወደ ሊትልተን የወሰደኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

በሜይን ስትሪት ጫፍ አንድ የሚያምር አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። ባለ ብረት ፋብሪካው ቱጃር አንድሩ ካርኔጊ በአሜሪካ ላይ ካሠራቸው 1,679 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነበር። የሥዕል ንድፉን ያወጣው ዣክ ቤኔዲክት የተባለ የዴንቨር አርክቴክት ሲሆን፣ ሕንፃው በ1910ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ኋላ ግን ጠበበና መጻሕፍቱ ወጡለት፤ በኋለኛው ዘመኑ ምግብ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ከተማይቱ በ1965 አዲስ ቤተ መጻሕፍት ስታቆም በካርኔጊ ስም ሳይሆን በአንድ የሠፈር ጋዜጠኛ ስም ጠራችው፤ የሊትልተን ኢንዲፔንደንት ጋዜጣ አሳታሚ በነበረው በኤድዊን ቤሚስ ስም። የአገራቸውን ወሬ ራሳቸው ሲጽፉ ለኖሩ ሰው የተሰጠ ክብር ነውና ደስ አለኝ። ጋዜጣ ለምናነብና ለምንጽፍ ስደተኞች የሚያጽናና ነገር ነው።

ፊልሙን ያየሁት ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይል ርቆ፣ በሳውዝግሌን የገበያ ሥፍራ ውስጥ በሚገኘው የአራፓሆ ቤተ መጻሕፍት ነው። አራፓሆ የካውንቲው ስም ሲሆን፣ ካውንቲው በተለያዩ ሠፈሮች ቅርንጫፎች አሉት። ሳውዝግሌን ላይ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጎን ስቱዲዮ አለ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መጋረጃ፣ መብራት፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ሥዕል የሚቆረጥበትና የሚቀጠልበት ኮምፒዩተር ተዘጋጅቷል። በአረንጓዴው መጋረጃ ፊት የቆመን ልጅ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን አጥፍቶ ላሊበላ ደጃፍ ላይ ሊያቆመው ይችላል። የሚጠየቀው የቤተ መጻሕፍት ካርድና ቀጠሮ ነው።

አራት ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ፈረንጆች፣ አንዱ ሜክሲኳዊ፣ አራተኛዋ የወዳጄ ልጅ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የሆነች ሴት አጠገባቸው ተቀምጣለች። አታስተምርም ብል ይቀላል፤ ትጠይቃለች እንጂ። «ይህ ሰው በሩን ሲከፍት ለምን ከሩቅ አነሣኸው?» ትላለች። ልጁ ያስባል። «ብቸኛ እንዲመስል ነው» ይላል። «እንግዲያው ቶሎ አትቁረጠው፤ ትንሽ ይቆይ» ትለዋለች። ይኸው ነው ትምህርቱ። ደግማ ደጋግማ የተናገረችው ግን ስለ ድምፅ ነው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ሰው ቤት ገብታችሁ ስትቀርጹ ማቀዝቀዣውን ንቀሉ፤ ጉርምርምታው ንግግሩን ይበላዋል አለቻቸው። መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ ደግሞ የመኪና ቁልፋችሁን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁልፉን ሳታወጡ መሄድ አትችሉምና። ይህን ብልሃት ሰምቼ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም።

«ዛሬ ልጁ ሁሉ በስልኩ ፊልም ያነሣ የለም ወይ፤ ቤተ መጻሕፍት ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ስልክ ሥዕል ያነሣል። ነገር ግን ስልክ ልጁን አይጠይቀውም፤ የሠራውንም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አያይለትም። ቤተ መጻሕፍቱ ለወጣቱ የሚሰጠው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃ፣ ሥፍራ፣ ጊዜ ያለው አዋቂ። ዕቃው ከሦስቱ ትንሹ ነው። እኛ ሁለት ሥራ የምንሠራ ወላጆች ዕቃውን በገና ሰሞን ቅናሽ ልንገዛው እንችል ይሆናል። ሦስተኛውን ግን ከየት እናመጣዋለን?

ይህ አሠራር ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ የድሆች ሠፈር ልጆች በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀብሎ ከስብስቡ አግብቷቸዋል። በ2009 የቺካጎ ቤተ መጻሕፍት በዋናው ሕንፃው ውስጥ ዩሚዲያ የተባለ የወጣቶች ክፍል ከፈተ። ሐሳቡ ሚዙኮ ኢቶ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ ካጠኑት ነገር የተቀዳ ነው። ወጣት ከአዲስ ዕቃ ጋር የሚላመደው በሦስት ደረጃ ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ዝም ብሎ ይውላል፣ ቀጥሎ ዕቃውን ይነካካል፣ በመጨረሻ ጥቂቱ ጠልቆ ይገባበታል። የመጀመሪያውን ደረጃ «ሥራ ፈትነት ነው» ብሎ የሚያባርር ቤት ሦስተኛውን አያገኝም። ዴንቨርም በ2013 በዋናው ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ አይዲያላብ የተባለውን ክፍል ከፍታለች፤ እዚያም ቪዲዮና ድምፅ በነጻ ይቀረጻል፣ ይቀነበራል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ሳላነሣ ብቀር ይህ ጽሑፍ ሐቀኛ አይሆንም። ኮለምባይን ላይ ያን ጥፋት ያደረሱት ሁለቱ ወጣቶች ራሳቸው ቪዲዮ የሚሠሩ ነበሩ። ጥላቻቸውንና ዕቅዳቸውን በካሜራ ቀርጸው ትተው ነው የሞቱት። እንግዲህ ካሜራ በራሱ መድኃኒት አይደለም፤ ለክፋትም ያገለግላል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አጠገባቸው ብትቀመጥ ኖሮ ያ ቀን አይደርስም ነበር ብሎ የሚናገር ካለ፣ ከሚያውቀው በላይ የሚናገር ነው። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። በሩ ተዘግቶ ብቻውን የሚቀርጽ ልጅና፣ የቀረጸውን ለሦስት እኩዮቹና ለአንዲት አዋቂ አሳይቶ «ይህን ለምን አነሣኸው?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ አንድ አይደሉም። ሊትልተን ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የምታውቅ አገር ናት።

ገንዘቡስ? ነጻ የተባለው ነገር ነጻ አይደለም፤ ሒሳቡ አስቀድሞ ተከፍሏል። የአራፓሆ ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደረው በቤትና በመሬት ግብር ነው። ቤት የገዛ በቀጥታ ይከፍለዋል፤ የተከራየም በኪራዩ ውስጥ ተደብቆበት ይከፍለዋል። ማለትም እኛም ከፍለንበታል። ግብሩ ከቀረ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኖቬምበር 2009 የአውሮራ ነዋሪዎች ለቤተ መጻሕፍት የሚውል ተጨማሪ ግብር በድምፃቸው ጣሉት፤ ብዙ ሳይቆይ የከተማዋ አራት ቤተ መጻሕፍት ተዘጉ። ከእነዚያ መራጮች መካከል ዜግነት ያላቸው የእኛ ሰዎችም ነበሩ፤ ያልመረጡም ነበሩ። ዜግነታችንን አግኝተን ድምፅ በምንሰጥበት ጊዜ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከወረቀቱ ግርጌ ያለችውን ትንሿንም መስመር ማንበብ ይገባናል።

ልጅና ካሜራ፣ ሀበሻና ቤተ መጻሕፍት ምን አገናኛቸው ለሚል ደግሞ ታሪካችን መልስ አለው። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ1993 «ሳንኮፋ»ን፣ በ2008 «ጤዛ»ን ሠርቷል። በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈተው ሳንኮፋ መጻሕፍትና ፊልም ጎን ለጎን የሚሸጡበት ቤት ነው፤ ለእርሱ ሁለቱ አልተለያዩም። በልጅነቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አሜሪካ ያደገው ያሬድ ዘለቀ የሠራው «ላምብ» በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋ ዝርዝር ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። እንደ እኛ ልጆች በስደት ያደገ ልጅ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠራ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አጣ። «ማሞ ቂሎ»ን በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በ2008 የሲ.ኤን.ኤን. ጀግኖች ከተባሉት አሥር ሰዎች አንዱ ሆነ። የሁሉም መነሻ አንድ ባዶ መደርደሪያ ነው።

ዛሬም ባዶ መደርደሪያ አለ። በዴንቨር የኖሩት ወገኖቻችን ታሪክ የት ተቀምጧል? እስቲ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አብዛኞቹ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ከ200 በላይ የታክሲ ነጂዎች፣ ለባለ ታክሲ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ከሚከፍሉት ኪራይ ለመላቀቅ ከገዢው ኮሚሽን ፊት ተሟግተው፣ ሕግ አስለውጠው፣ በ2009 ዩኒየን ታክሲን በማኅበር አቋቋሙ። በ2016 ደግሞ ግሪን ታክሲ ተከተለ። ይህ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች ተጽፏል። ነገር ግን አባት በአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ ሌሊቱን ምን እያሰበ ያድር እንደ ነበር፣ በምን ቋንቋ እንደ ተሟገተ፣ እናት በዚያ ዓመት የቤት ኪራዩን እንዴት እንደ ከፈለች፣ ያ የተቀመጠው በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሰዎቹም እያረጁ ናቸው።

የወዳጄ ልጅ ለፊልሟ የመረጠችው ይህንኑ ነበር፤ አባቷን። አባትየው ግን እምቢ አለ። ለእኔም፣ «ምን አለኝና ነው የሚቀርጸኝ? ደግሞስ ወሬ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ይህን መልስ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ትውልድ ዝም ማለትን የተማረው በከንቱ አይደለም። ስም ተጠይቆ ስም የጠራ ሰው ሰው ያስገደለበት ዘመን አልፎብናል። በሱዳን በኩል የወጣው መንገድ ላይ የቀረ ጓደኛ አለው፤ የተገኘው ወረቀት ላይ የሰፈረና ያልሰፈረ ነገር አለ። ካሜራ ፊቱ ሲበራ ምርመራ የሚመስለው ሰው አለ። ይህን ፍርሃት «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

ልጅቱ አላኮረፈችም። ሠራተኛዋን ጠየቀቻትና ሌላ መንገድ ይዛ ተመለሰች። «አባዬ፣ ፊትህን አላነሣም፤ ስምህንም አልጠራም። እጅህንና መሪውን ብቻ። የማትፈልገውን ቃል አብረን ተቀምጠን እንቆርጠዋለን፤ ቀረጻውም ቤት ይቀመጣል» አለችው። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «እጄን ከሆነ አንሺ» አላት። በቆመች መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በአማርኛ አርባ ደቂቃ ተናገረ። እኔ ከእርሱ ጋር ሃያ ዓመት ቡና ጠጥቻለሁ፤ ከተናገረው ግማሹን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልጅቱ ደግሞ ያልገባትን የአማርኛ ቃል እያስቆመች ጠየቀችው። ቋንቋውን እንድትማር ስንት ቅዳሜ ስንጨቀጭቃት ኖረናል፤ ከማይክሮፎኑ ጋር ግን ራሷ ጠያቂ ሆነች። ከአርባው ደቂቃ ስድስት ደቂቃ አስቀርታ ፊልም አድርጋዋለች። ማን ይየው ማን አይየው የሚለውን የሚወስነው አባትየው ነው፤ ስምምነታቸው እንደዚያ ነው።

ወላጆች ይህን ለመሞከር ብትፈልጉ መንገዱ ቀላል ነው። በኮሎራዶ የሚኖር ሰው በአብዛኞቹ የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ማውጣት ይችላል፤ ስለዚህ የአውሮራ ልጅ በአራፓሆም፣ በሊትልተን ቤሚስም፣ በዴንቨርም መጠቀም ይችላል። ዴንቨር ከ2019 ጀምሮ ለዘገየ መጽሐፍ ቅጣት አታስከፍልም፤ ስለዚህ በቅጣት ፍርሃት ልጅ ማስቀረት ከንቱ ነው። በአር.ቲ.ዲ. አውቶቡስና ባቡር ዕድሜያቸው 19ና ከዚያ በታች የሆኑ ወጣቶች በነጻ ይጓዛሉ። ከአውሮራ ናይን ማይል ጣቢያ በኤች መስመር ተሳፍሮ፣ ብሮድዌይ ላይ ወርዶ ወደ ዲ መስመር መቀየር ሊትልተን ያደርሳል። ስቱዲዮውን ለመያዝ ግን አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ቀጠሮና የዕድሜ ደንቡን መጠየቅ ይገባል። እዚያው አውሮራ ኮልፋክስ ላይ ላለው ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ቅርብ የሆናችሁም መጀመሪያ ከዚያ ጠይቁ። ፊልሙን ሙያው ማድረግ ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ በሎውሪ የሚገኘው የኮሎራዶ የፊልም ትምህርት ቤት በአውሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሥር ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ካርድ ማውጣቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጅ ካሜራ ይዞ ቤት ሲመጣ የሚቀርጸው ነገር ከሌለ፣ ያው የሌሎች ሰዎችን ፊልም አስመስሎ ይሠራል። የእኛን ነገር የሚቀርጸው እኛ ስንነግረው ብቻ ነው። ፊታችንን ባናሳይ እጃችንን፣ ስማችንን ባንጠራ ድምፃችንን እንስጣቸው። በሚመጣው እሑድ ከቡናው በኋላ ልጃችሁ «እንዴት ነበር የመጣችሁት?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ማቀዝቀዣውን ንቀሉለት።